የነጭ ጫማዎች ቤት

ሆስፒታል ውስጥ ወሬ መጀመሪያ የሚደርሰው ዳይሬክተሩ ጋ እንዳይመስላችሁ። የሊፍቱ ሰውዬ ጋ ነው። የሊፍት በር ሲዘጋ የሰው አፍ ይከፈታል፣ ምን እንደሚነካቸው እንጃ። ሐኪሞቹ በሽተኛ ያማሉ፣ ነርሶቹ ሐኪሞቹን ያማሉ፣ የጽዳት ሴቶቹ ሁሉንም ያማሉ። ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ኩርምት ያለው፣ ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሰው ሰው ጆሮ ያለው አይመስላቸውም። ከመስታወቱና ከእጅ መደገፊያው ብረት ጋር አብሮ የተገጠመ ዕቃ ነው የሚመስላቸው።

ስሙን የሚጠራው የለም። «ሊፍቴ» ነው የሚሉት። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲወጣ ሲወርድ፣ ሲወጣ ሲወርድ ከርሞ የትም አልደረሰም እያሉ የልብስ ማጠቢያ ሴቶቹ ይቀልዱበታል።

«ሊፍቴ፣ ዛሬስ ስንት ኪሎ ሜትር ሄድክ?»

«ቤቴ ልደርስ ትንሽ ነው የቀረኝ» ይላቸው ነበር። ነበር ነው። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ አይመልስም፤ ቁልፉን ብቻ ይጫናል።

ሊፍቱም እንደሱ ያረጀ ነው። በሩ በእጅ የሚጎተት የብረት ፍርግርግ ነው፣ ሲከፈት እንደ ክፉ አማት ይጮሃል። እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ከበሩ በላይ ቡጢ የምታህል ደወል አለች። ሊፍቱ ሲደርስ አንዴ «ቲንግ» ትላለች። አንደኛ ቲንግ። ሁለተኛ ቲንግ። ሦስተኛ፣ አራተኛ። አምስተኛ ላይ ዝም። አምስተኛ የሕጻናት ክፍል ነው። ሰው ስሞታ ሲያበዛ የጥገናው ሰውዬ መጣ፤ መሰላል መውጣት የማይወድ ሰው ስለሆነ ከታች አንጋጦ አየና «ሽቦ ነው» ብሎ ፈርሞ ሄደ። ሽቦ አይደለም። ጥጥ ነው። ከክትባት ክፍል ለምኖ፣ በእርሳስ ጫፍ እየገፋ ደወሏ ውስጥ የጠቀጠቀው ራሱ ሊፍቴ ነው።

ሊፍቴ ልጅ ነበረችው። ስድስት ዓመቷ። አምስተኛ ፎቅ ሁለት ሳምንት ተኝታ፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሞተች። አባቷ እዚያው ሕንጻ ውስጥ፣ ከአልጋዋ አስር እርምጃ ርቀት ላይ ሊፍት ይነዳል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናትየው «አባቷን ጥሩልኝ» ብላ ነርስ ላከች። ነርሷም ነገረችው። የመጣው አስር ሰዓት ነው። ልጅቷ አልጠበቀችውም።

ያቺን አንድ ሰዓት የት ነበር? ሚስቱ ጠየቀችው።

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«ሥራህ እኮ በሩ ላይ ነው።»

«እኔ እንጃ። አላውቅም። ትዝ አይለኝም።»

ሌላ ጊዜ ጠየቀችው፤ አላውቅም። ሦስተኛ ጠየቀችው፤ አላውቅም። ሦስተኛው ላይ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ሻንጣዋን አውጥታ ልብሷን አጣጥፋ ከታ፣ አልጋው ስር ገፋችው። «እህቴ አንድ ክፍል አስለቅቃልኛለች» አለችው። «እስክትነግረኝ ነው ያለሁት። ክፉም ቢሆን ንገረኝ፣ እችለዋለሁ። አላውቅም ካልከኝ ግን አንድ ቀን ተነስቼ እሄዳለሁ።» ከዚያ በኋላ ጠይቃውም አታውቅም። ድሮ «አባቷ» ነበር የምትለው፤ «አባቷ፣ ራት ቀርቧል»፣ «አባቷ፣ መብራቱን አጥፋው»። አሁን መጥሪያ የላትም። «ስማ» ነው የምትለው። እሱም ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ መጀመሪያ አልጋው ስር ጎንበስ ይላል። ሻንጣው አለ። እፎይ ይላል። በቃ፣ ኑሮው ይሄ ሆነ።

ሰው ቤቱ እንዲህ ሲሆን ወይ መጠጥ ቤት ይገባል ወይ ሌላ ሴት ጋ። ሊፍቴ የገባው ልብስ ሰፊ ቤት ነው።

ዩኒፎርሙን ሊያስጠብብ ነበር የሄደው፤ ከልጅቷ በኋላ ሰውነቱ አልቆ ሱሪው እየወለቀ አስቸገረው። ሰፊው ሽማግሌ ቢጤ ናቸው፣ ሁልጊዜ በከንፈራቸው ስፒል ነክሰው ነው የሚያወሩት። ከኋላ ክፍል ሳቅና ጩኸት ሰማ። «እምም... ጨዋታ ነው» አሉት ሰፊው በስፒሎቹ መሃል። «አንድ ሰው ጎድሎናል። ትገባለህ?»

ጨዋታው ኳስ የለው፣ አሸናፊ የለው። አንዱ መሪ ሆኖ የሚያስፈራ ታሪክ ይጀምራል። ሌሎቹ ወረቀት ላይ አንዳንድ ሰው ፈጥረው ይጽፋሉ፤ ስሙን፣ ጉልበቱን፣ የሚፈራውን። ከዚያ «እኔ በሩን እከፍታለሁ»፣ «እኔ እሮጣለሁ» እያሉ በዚያ ሰው ሆነው ይናገራሉ፤ ሃያ ፊት ያለው ዳይስ፣ በየፊቱ ቁጥር ያለበት ጠጠር፣ ይወረወራል። ጥሩ ከወጣ ትተርፋለህ፤ መጥፎ ከወጣ የሆነ ነገር መጥቶ ይውጥሃል። ይኼ ሁሉ የሚሆነው ሌላ ዓለም ውስጥ ነው፣ ከኛ ዓለም ግድግዳ ጀርባ ባለ ቦታ። ካርታውን ሰፊው መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ በልብስ ጠመኔ ይስሉታል። ትልልቅ ሰዎች እኮ ናቸው! ብድግ ብለው የሚጯጯሁት፣ የሚሟገቱት፣ «ልቤ ቆመ» የሚሉት።

መሪው የጂኦግራፊ መምህር ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ወንዝ ሲያስተምር ግማሹ ተማሪ ያንኮራፋል ይባላል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ድምፁን ወፍራም አድርጎ፣ ዜና እንደሚያነብ ሰው ደረቱን ነፍቶ ሲጀምር ሌላ ሰው ነው። ሌላዋ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ ማስቲካ አኝካ፣ ሰው አኝካ የማትጠግብ። የማን ጥርስ የራሱ፣ የማን የተተከለ፣ የማን ወርቅ መዳብ እንደሆነ ታውቃለች፣ ሳትጠየቅም ትናገራለች።

ሊፍቴ የመጀመሪያ ቀን ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ተቀመጠ። መምህሩ ድምፁን አወፈረ።

«ሰማዩ ቀይ ነው። ምድሩ ይተነፍሳል። ከሸለቆው ማዶ የሚታያችሁ... ክራዝሙጎል ነው!»

«ምን?» አለች ረዳቷ።

«ክራዝሙጎል።»

«ኧረ በሞቴ! ይሄ እኮ የሳል ሽሮፕ ነው። በቀን ሦስቴ ከምግብ በኋላ!»

መምህሩ ፊቱ ቀላ። «እሺ። ኡልጣሮክ።»

«እሳቸውን አውቃቸዋለሁ፣ የታችኛውን መንጋጋ ጥርሳቸውን ነው ያስነቀሉት።»

ሰፊው ስፒል እስኪበተንባቸው ሳቁ። መምህሩ ኩርፍ አለ። ያኔ ሊፍቴ ከጥጉ፣ አንገቱን ሳያነሳ፣ «‹ዘመድ ውጭ ይጠብቅ› ቢባልስ?» አለ።

ሳቁ ቀጥ አለ።

«ምኑ?»

«ሸለቆው። ስሙ። ዘመድ ውጭ ይጠብቅ።»

ረዳቷ ማኘክ አቆመች። ሰፊው ስፒሎቹን ካፋቸው አንድ በአንድ አውጥተው የስፒል መሰኪያዋ ትራስ ላይ ሰኳቸው። እያንዳንዱ ሰው አንድ በር ትዝ ብሎታል፤ ማንም ለማንም የትኛው በር እንደሆነ አልነገረም። መምህሩ ቅር እያለው ጻፈው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም አውጪው እሱ ሆነ። የሚንሾካሾኩ ልብሶች ለሚሸጡበት ገበያ፣ «ልብሱን ማን ይወስዳል» አለው። ሰዎች ቆመው አቧራ ለሚሆኑበት አዳራሽ፣ «አይ፣ ገና ነው»። መስኮት ብቻ ሆና በር ለሌላት ከተማ፣ «ሐኪሙ ወጥቷል»። ከየት እንደሚያመጣው ማንም አልጠረጠረም። ከሊፍቱ ነዋ! ቀኑን ሙሉ ጆሮው ላይ የሚጥሉለትን ቅዳሜ ቅዳሜ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፈዋል።

መምህሩ አንድ ቀን ተማረረ። «የኔ ስሞች እኮ ከሩቅ ነው የሚመጡት።»

«እሱ ነው ችግርህ» አለችው ረዳቷ። «የሱ ጎረቤት ነው ያሉት።»

ጨዋታው ሁለት ደንብ አለው። አንደኛው ከድሮም የነበረ ነው፤ ስም የወጣለት ቦታ ይገባበታል፣ ፈራሁ ብሎ መዝለል የለም። ሁለተኛው በሰፊው ምክንያት የመጣ ነው። ሰፊው የፈጠሩት ሰው ካልለካ የማይራመድ ሰው ነው፤ በሩ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ የሚከፈተው? መስኮቱ ስንት ነው? ወለሉ ሰሌን ነው ጣውላ? መምህሩ ሰለቸውና አንድ ቀን ጮኸ፤ «እኔ ምን አውቃለሁ! ስም ያወጣውን ሰውዬ ጠይቁት!» ሊፍቴን ጠየቁት፤ ሊፍቴ የበሩን እጀታ ሳይቀር ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ደንብ ሆነ፤ ስም ያወጣ ሰው ስለ ቦታው ሲጠየቅ አላውቅም አይልም። እሱም ብሎ አያውቅም። ቤቱ ውስጥ ከአላውቅም ሌላ ቃል የሌለው ሰው፣ ሰፊ ቤት ሲገባ ሁሉን አዋቂ ሆኖ አረፈው።

እንግዲህ መምህሩ እነዚያን ቦታዎች ሁሉ ሰብስቦ፣ ካርታ ስሎ፣ ደንቦቹን የመጀመሪያው ገጽ ላይ አስፍሮ ትንሽ መጽሐፍ ሊያደርጋቸው ተነሳ። ሌሎች ተጫዋቾችም እንዲያገኙት ይፈልጋል። አስራ ዘጠኝ ቦታ አለ። ሃያኛው ቀረ፤ ካርታው ጫፍ ላይ፣ ከሁሉም ማዶ፣ የገባ የማይመለስበት።

«በል ሊፍቴ፣ የመጨረሻውን ስጠን።»

ሊፍቴ አሰበ። የመጣለትን ሁሉ መምህሩ «አነሰ» አለ። ሌላ ሰጠ፣ «አነሰ»።

ረዳቷ ማስቲካዋን ጯ አደረገች። «በቃ ደረቀ! ሊፍቴ ሥራ አቁሟል፣ ደረጃውን ተጠቀሙ!»

ሁሉም ሳቁ። ሊፍቴም ሊስቅ አፉን ሲከፍት፣ ስሙ በተከፈተው አፍ ወጣ።

«የነጭ ጫማዎች ቤት።»

ይሄን ከሊፍት አልሰማውም። አምስተኛ ፎቅ የአልጋው መጋረጃ አጭር ነው፣ ጉልበት ድረስ ነው የሚደርሰው። ልጅቷ ተኝታ ከመጋረጃው ስር የምታየው ጫማ ብቻ ነበር፤ ነጭ ጫማ ይመጣል፣ ይቆማል፣ መርፌ ወግቶ ይሄዳል። ፊት ስለሌላቸው ትፈራቸዋለች። «እማዬ፣ ይሄ የነጭ ጫማዎች ቤት ነው አይደል?» አለች አንድ ቀን። «የአባዬ ጫማ ግን ጥቁር ነው። እሱ ሲመጣ አውቀዋለሁ።»

«ይቅር» አለ ሊፍቴ። «ይሄ ይቅር መምህር፣ ሌላ አመጣለሁ።»

«አብደሃል? በእስክሪብቶ ጻፍኩት እኮ!» መምህሩ እጁን አፋተገ። «የሚቀጥለው ቅዳሜ እንገባለን።»

ሊፍቴ እያዘገመ ወደ ቤቱ ሄደ። ምን ይመጣል ብሎ ራሱን አጽናና። እነሱ ምን ያውቃሉ? እውነቱን ነው፣ ምንም አያውቁም። አንድ ዓመት ተኩል አብሯቸው ሲቀመጥ ሚስት እንዳለው እንኳ አልነገራቸውም። ያቺ የከተማውን ጥርስ ሁሉ የቆጠረች ሴት፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ልጅ እንደቀበረ አታውቅም። ስህተቱም እዚህ ላይ ነው። ቢነግራቸው ኖሮ ረዳቷ ያንን መጽሐፍ ይዛ ወደዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ባልሄደች።

ምክንያቱም ሚስቱ የምትሠራው እዚያ ነው።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ረዳቷ ከጥርስ ክሊኒኩ ማዶ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች። ከባንኮኒው ኋላ ጥቁር ሹራብ የለበሰች፣ ዝምተኛ ሴት አለች። ወረቀቱን ተቀብላ ማሽኑ ላይ ታነጥፋለች፣ ትዘጋለች፣ አረንጓዴው መብራት ፊቷ ላይ ያልፋል፣ ታነሳለች። ሰው የሚያስገለብጠውን አታነብም፤ ስንት የፍርድ ቤትና የፍቺ ወረቀት አልፏታል። የመጨረሻው ገጽ ትኩስ ትኩሱን ሲወጣ ግን፣ ጠርዙን ልታስተካክል ስትል፣ ዓይኗ አረፈበት።

ማሽኑ ቀጠለ። እሷ ቆመች።

«እህቴ፣ ወረቀት ጨረሰ እንዴ?» አለች ረዳቷ።

«ይሄን ስም ማን አወጣው?»

«የቱን? እ፣ ያንን! አይዘገንንም?» ረዳቷ ወሬ ጠያቂ ስታገኝ ማን ያቆማታል። ክርኗን ባንኮኒው ላይ አስደገፈች። «አንድ ሊፍተኛ አለን። ጭጭ ያለ፣ ሚስኪን ነገር። ግን ስም ሲያወጣ ጸጉርሽ ይቆማል! ደግሞ ምን ብትጠይቂው አላውቅም አይልም። ደንቡ ነው፣ ተመልከች፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ። መስኮቱን ብትይው፣ በሩን ብትይው...»

«አላውቅም አይልም?»

«አይችልማ! ስም ካወጣ መመለስ አለበት።»

ሴትየዋ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች፣ አነበበች። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ አስተካክላ፣ ስቴፕል አደረገቻቸው። ሁለቴ።

«የውጭ ሰው መጫወት ይችላል?»

«ኧረ ነይ የኔ እናት! ቅዳሜ ስምንት ሰዓት፣ ሰፊው ጋ። ልብሽን ግን ያዝ አድርጊ፣ የምንገባው እሱ ውስጥ ነው።»

ያን ሳምንት እቤት የተለወጠ ነገር የለም። ሻንጣው አልጋው ስር ነው። ቅዳሜ ጠዋት «ስማ፣ ዛሬ አመሻለሁ» አለችው። እሱም ሥራ ይኖርባት ይሆናል ብሎ አልጠየቀም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰፊው ቤት ተሰበሰቡ። መምህሩ ጠረጴዛው ላይ በነጭ ጠመኔ አንድ ረጅም ኮሪደርና ክፍሎች ስሏል። ረዳቷ ከበሩ ጮኸች፤ «እንግዳ አምጥቻለሁ!» ሊፍቴ ቀና አለ።

ሚስቱ ናት።

አላወቀችውም የሚል ፊት ነው ያሳየችው፤ «እንደምን ዋላችሁ» ብላ ትይዩው ተቀመጠች። እሱ በርጩማው ላይ ደረቀ። ተነስቶ ቢሄድስ? ስም የወጣለትን ቦታ ፈራሁ ብሎ መዝለል ግን የለም።

«የሚጫወተው ሰውሽ ማን ይባል?» አላት መምህሩ እርሳስ እየሰጣት። «ጉልበቱን፣ የሚፈራውን ጻፊ።»

«እናት ናት» አለች። «የምትፈራው የለም። አልፏታል።»

«ኡኡ፣ አዲሷ ትችለዋለች!» አለች ረዳቷ።

መምህሩ ድምፁን አወፈረ። «ከካርታው ጫፍ ደርሳችኋል። ከዚህ ወዲያ መንገድ የለም። ፊታችሁ ያለው ቤት ግድግዳው ነጭ ነው፣ ውስጡ የሚራመድ ነገር ይሰማል። የነጭ ጫማዎች ቤት!»

«እምም... በሩ ወደየት ነው የሚከፈተው?» አሉ ሰፊው።

ሁሉም ሊፍቴን አዩት። «ወደ ጎን» አለ። «የብረት ፍርግርግ ነው።»

«እኔ እገባለሁ» አለች ሴትየዋ።

«ዳይስ ወር...» ሊል ጀመረ መምህሩ።

«ዳይስ አያስፈልግም። ገብቻለሁ። ስንት አልጋ አለ?» የምታየው ሊፍቴን ብቻ ነው።

«ስምንት።»

«መጋረጃው?»

«አረንጓዴ ነው። አጭር። እስከ ጉልበት።»

«መስኮቱ ጋ ባለው አልጋ ላይ ማን አለ?»

«ልጅ።»

«ምን ትላለች?»

«ውሃ... ውሃ ትላለች። ደግሞ...»

«ደግሞ ምን ትላለች?»

«አባዬ መጣ ወይ ትላለች።»

ረዳቷ ሳቅ ልትል ነበር፤ ጨዋታው ደስ ብሏት። አፏ ግማሽ ላይ ቆመ። አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች። ሰፊው እጃቸውን ከጠመኔው ላይ አነሱ።

«አባቷ የት ነው?» አለች ሚስቱ።

ውጭ መንገድ ላይ መኪና አለፈ፣ የመስፊያ መኪናዋ ላይ ያለው መቀስ ተንቀጫቀጨ።

«ይቅርታ» አለ መምህሩ፣ አሁን ወፍራሙ ድምፅ የለም። «እዚህ ላይ ብናቆም...»

«ደንብ አላችሁ አይደል? ገልብጫዋለሁ እኮ። ስም ያወጣ ሰው አላውቅም አይልም።» ዘወር ብላ እንኳ አላየችውም። «አባቷ የት ነው?»

ሊፍቴ በጠመኔ የተሳለውን ኮሪደር አየ። ከጫፉ መምህሩ የማያውቃትን አንዲት አራት ማዕዘን በጣቱ ሳለ፣ ጠመኔው ላይ በላብ።

«እዚህ» አለ። «ሊፍቱ ውስጥ።»

«ምን ይሠራል?»

«ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ሐኪሞች ገቡ። አምስተኛ አሉ። አንደኛው ለአንደኛው... የመስኮቱ ጋ ልጅ ዛሬን አታልፍም አለው። የማን ልጅ እንደሆነች አላወቁም። እኔ እዚያው ነበርኩ።» «እሱ»ና «እኔ» ተምታታበት፤ ማንም አላረመውም። «ላንቺ አልነገሩሽም ነበር። ትድናለች ብለሽ ነው ያለሽው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነርሷ መጥታ ትጠራሃለች አለችኝ። ወጣሁ። በሩን ከፈትኩት። ጀርባሽ ታየኝ። ፊቴን ብታይው ታውቂ ነበር። እሷም ታውቅ ነበር። ዘጋሁት። ወረድኩ። ትንሽ ፊቴን ላስተካክል ብዬ። ደግሞ ወጣሁ። ደግሞ ዘጋሁት።» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «አምስት ጊዜ... ስድስት ጊዜ ሳልወጣ አልቀርም። ሰው አልነበረም ውስጡ። ባዶውን ነው የነዳሁት።»

ረዳቷ ማስቲካዋን መዳፏ ላይ ተፍታ ጨበጠችው። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

ሚስቱ አላለቀሰችም። «ሰባት» አለች።

«ምን?»

«ስድስት አይደለም። ሰባት ጊዜ ነው። ደወሏ ትጮህ ነበር እኮ። እሷ ናት የቆጠረችው፤ እስከ አስር መቁጠር አስተምረሃት አልነበር? ቲንግ ሲል፣ አባዬ ነው፣ አንድ ትላለች። ከመጋረጃው ስር ጥቁር ጫማ ትፈልጋለች። ይጠፋል። ቲንግ ሲል፣ ሁለት። ሰባት ድረስ ቆጠረችህ።» ትንፋሿን ሳበች። «ስምንተኛውን ብቻዬን ነው የሰማሁት። ስምንተኛው ላይ ገባህ።»

ሊፍቴ ሁለት ዓመት የቀበረውን እሷ ሁለት ዓመት ይዛው ነበር። ደወሉን ታውቃለች፤ የማታውቀው ለምን እንደሆነ ብቻ ነበር።

«ታዲያ... ካወቅሽ...»

«ካንተ አፍ ነው የፈለግኩት። ሊፍት ተበላሽቶ ይሆናል፣ ሌላ ሰው ይሆናል የነዳው እያልኩ ነው የከረምኩት። አንተ እንዳትሆን ስጸልይ ነው የቆየሁት።»

ተነሳች። በመዳፏ ጠመኔውን ጠረገችው፤ ኮሪደሩን፣ ክፍሎቹን፣ በላብ የተሳለችውን አራት ማዕዘንም። እጇ ነጭ ሆነ። ስም የወጣለት ቦታ አይፋቅም የሚል ሰው አልተገኘም። ከበሩ ስትደርስ ቆም አለች።

«አባቷ» አለችው። ሁለት ዓመት ያልሰማው ነው። «ጥጡን አውጣው። በደረጃ አምስተኛ ወጥቼ፣ ወንበር ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። እሷ የሰማችውን ሌላው ሰው ቢሰማው ምን አለ።»

ሄደች። መምህሩ የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ ከየኮፒው ሲገነጥል አመሸ፤ ካርታው አስራ ዘጠኝ ቦታ ብቻ ቀረው። ሊፍቴ ሰፊው ቤት ዳግም አልሄደም። ረዳቷ ይሄን ታሪክ ለሰው አወራች ይሆን? ይገርማችኋል፤ አላወራችም።

ያን ማታ እቤቱ ገብቶ ጎንበስ ቢል አልጋው ስር ሻንጣ የለም።

ሰኞ ጠዋት ከጥገና ክፍል መሰላል ተውሶ ወጣ። ጥጡ ጠቁሮ ጠንክሯል፤ በፒንሳ ቆንጥሮ ነው ያወጣው።

አሁን በየረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ጥቁር ሹራብ የለበሰች ሴት ሊፍቱ ውስጥ ትገባለች። «አምስተኛ» ትላለች። ይጫናል። አይነጋገሩም። ቲንግ ይላል፣ ፍርግርጉን ይጎትትላታል፣ ትወርዳለች። ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ቆማ፣ በደረጃው ትመለሳለች። በሊፍቱ ወርዳ አታውቅም።

የልብስ ማጠቢያዋ ሴትዮ ስንት ረቡዕ አይታ አይታ፣ በመጨረሻ አላስችላት አለ። አንሶላ የሞላ ጋሪዋን ገፍታ ገባችና ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ሊፍቴ፣ ያቺ ሴትዮ ማን ናት?»

አላውቅም ሊል አፉን ከፈተ።

«የልጄ እናት ናት» አለ።

«ውይ! ልጅ አለህ እንዴ?»

አምስተኛ ደረሱ። ቲንግ። ፍርግርጉን ጎተተው፤ ጋሪው ወጣ፤ እሱ ግን ቁልፉን ሳይጫን፣ ያኔ ሰባቴ የዘጋውን በር ክፍት እንደያዘ ቆየ።